ወፍ በመከልከል

ስደተኛ ሁሉ የወጣበትን ሌሊት ያወራል። እዚህ ካርቱም ሙቀቱ ከቤት ሲያስወጣን፣ ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግተን እንጋደምና አንዱ «ጨረቃ እንኳ አልነበረችም» ይላል፤ ሌላው «የጎረቤት ውሻ እንኳ አዝኖልኝ አልጮኸም» ይላል። የኔ ተራ ሲደርስ አፍራለሁ። እኔ ከወረታ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ አይሱዙ ላይ ከተጫነ የሩዝ ጆንያ አናት ተቀምጬ፣ በሽብር የሚመረምረኝን ፖሊስ እጅ እየነሳሁ ነው።

ማን ያምነኛል? ግን እንዲህ ነው የሆነው። ኢንስፔክተሩ (ስሙን አልናገርም፣ ልጆች አሉት) ሽንኩርት ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ነበር። መኪናው ጆንያ ጭኖ ሳይጨርስ ፌስታሉን አንጠልጥሎ መጣና ቀና ብሎ አየኝ።

«እንየው፣ ወዴት ነው?»

«ጎንደር ነው ጌታዬ። ካንዴላ ልገዛ።»

ካንዴላ ማለት የሞተር እሳት የምትጭረው ትንሽ ዕቃ ናት። እኔ የውሃ ሞተር ጠጋኝ ስለሆንኩ ውሸቴ ከሥራዬ ጋር ይሄዳል ብዬ ነበር። ኢንስፔክተሩ ሽንኩርቱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጎንደር ካንዴላ ውድ ነው። መተማ ይረክሳል ይላሉ።»

«መተማ እኮ ሩቅ ነው ጌታዬ።»

«ሩቅ ስለሆነ ነው የሚረክሰው። ሰኞ ከዞን ሰዎች ይመጣሉ» አለና፣ ነገሩን እንዳልተናገረው ሁሉ፣ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ እያማረረ ሄደ።

ባለቤቴ ይታይሽ አጠገቤ ቆማ ነበር። ለጎንደር ብላ የቋጠረችልኝን በሶ አየችው። ከዚያ የራሷን ነጠላ አውልቃ ጨመረችበትና የመኪናውን ጎማ ረግጣ አቀበለችኝ። ሰው ስለሚሰማ «ካንዴላው እንደተገኘ ቶሎ ና» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እነሆ አሁንም ካንዴላ እየፈለግሁ ነው።

አሁን ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ወረታ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ፈንጠር ብላ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ። በበጋ የፎገራ ገበሬ ከርብና ከጉማራ ወንዝ ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ያጠጣል፤ ሞተሩ ሲታመም ወደኔ ይመጣል። እንየው ሞተር እባላለሁ። በክረምት ሜዳው ሐይቅ ስለሚሆን ሞተር የሚፈልግ የለም። ሞተሩ ጓዳ ይገባል፤ ዶሮም ይሰፍርበታል። እኔም እንደ ሞተሩ ሥራ ፈትቼ እከርማለሁ።

ውሃው ሲሸሽ ሩዙ ያሸታል። ሩዝ ሲያሸት ደግሞ ወፍ ይመጣል። ወፍ ስላችሁ አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፤ ግሪሳ ሲያርፍ ማሳው ከቢጫ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሰው ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ያስወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮሃል፣ ጀሪካን ይደበድባል፣ ይጮሃል። በዚያ ወር ቀበሌያችን ቁሐር ሚካኤል ውስጥ ድምፅ ያለው ሰው አይገኝም። ባል ሚስቱን በምልክት ነው የሚቆጣት፤ የኔታ እንኳ ዜማ የሚያስተምሩት ጉሮሯቸውን በማር እያረጠቡ ነው።

አያ ቢምረው የይታይሽ አጎት ናቸው። ሞዴል አርሶ አደር ናቸው፤ በዚያ ላይ የአንድ ለአምስታችን ጠርናፊ። ለማያውቅ፣ አንድ ለአምስት ማለት አንድ ሰው አምስት ሰው እየጠረነፈ ለልማት የሚያነሳሳበት አደረጃጀት ነው። አያ ቢምረው እኔን ለልማት ሲያነሳሱኝ፣ ማን ቤቴ እንደመጣ፣ ምን እንዳወራ፣ ሬዲዮኔ የትኛው ጣቢያ ላይ እንደቆመ እግረ መንገዳቸውን ይጠይቁኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም። ራሳቸው «ምን ይሁን ልበላቸው፣ አንተው ንገረኝ እንጅ» እያሉ ሪፖርቱን ከኔ ጋር ነበር የሚያዘጋጁት።

እኒህ ሰው አንድ ቀን ሞተራቸውን አመጡ። ድምፁን የሚያፍነው ማርሚታ ተበስቶ ስለነበር አወለቅሁት፤ እሳቱም ከጊዜው ተዛንፎ ኖሯል። ገና ሳልጨርሰው «እስቲ ይነሳ እንደሆነ» ብለው በአህያቸው ጭነው፣ እኔንም አስከትለው ማሳቸው ዳር ወሰዱትና ገመዱን ሳቡት። ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ተንተፋተፈና ድው! አለ። እኔ ተቀመጥኩ፤ አህያዋ ወደ ወረታ ሸሸች። ከሜዳው ላይ ያለ ወፍ ሁሉ ተነስቶ ሰማዩን አጠቆረና ወደ ጎረቤቱ ወረዳ ደራ፣ ወደ አንበሳሜ አቅጣጫ ሄደ። አያ ቢምረው ባርኔጣቸውን አንስተው አራገፉና «እንየው፣ እንዳትጠግነው» አሉ።

በማግስቱ ቆርቆሮ ቤቴ በር ላይ ሰልፍ ነበር። አንዱ አዲስ ሞተር ተሸክሞ፣ አንዱ በጋሪ ጭኖ።

«እንየው፣ አበላሽልኝ።»

«አረ አያ፣ ይኼ እኮ ደህና ሞተር ነው።»

«ደህናነቱ አይደል ያስቸገረኝ! የቢምረውን ያህል አበላሽልኝ። እንዳታሳንስብኝ፣ በሚካኤል።»

ሞተር በመጠገን ያደግሁ ሰው ሞተር በማበላሸት ስሜ ወጣ። ማርሚታ አወልቃለሁ፣ እሳቱን አዛንፋለሁ፤ ሩዙ ሲገባ ደግሞ መልሼ እጠግናለሁ። ሕዝቡ ከማማ ወርዶ ድምፁ ተመለሰለት። የአንበሳሜ ሰዎች ገበያ ላይ «ወፋችሁን ላካችሁብን» ብለው ተጣሉን እንጂ፣ ያ ዓመት ያማረ ዓመት ነበር። አሁን ሳስበው ግን፣ የሽብር አዋጅ በወጣበት አገር ሜዳውን ሁሉ ድው ድው የሚያሰኝ ሰው ሌላ ምን ጠብቄ ነበር? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለኔ ነው።

ገደሉ የመጣው በመስክ በዓል ቀን ነው። የአያ ቢምረውን ሩዝ ሊጎበኙ ከክልል ትልቅ ሰው መጡ፤ ኋላና ፊት መኪና፣ ጠመንጃ የያዘ አጃቢ፣ ድንኳን። ሞተር ያለው ሁሉ እንዲያጠፋ ቀበሌው አስጠንቅቋል። አያ ቢምረው ግን ጨነቃቸው። እንግዳ የሚያየው የሳቸውን ሩዝ ነው፤ ሩዙን ደግሞ ወፍ ከበላው ሞዴልነታቸው ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ ሞተሩን ማሳው ዳር በበቀለው ረጅም ደንገል ውስጥ ሸሽገው ቀስ ብሎ እንዲሠራ አድርገው ተዉት። ሞተሩም እንግዳ አክብሮ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ትልቁ ሰው ስለ ሩዝ ተናግረው ጨርሰው፣ ስለ ጸጥታ መናገር ሲጀምሩ፣ ድው!

አጃቢዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። ትልቁን ሰው ከነሱፋቸው አንስተው ሩዙ ውስጥ ጣሏቸውና ሁለቱ ላያቸው ላይ ተኙ። ሩዙ ውስጥ ደግሞ ያለው ጭቃ ነው፤ የፎገራ ጥቁር ጭቃ የያዘውን አይለቅም። ሲያወጧቸው ጫማቸው እዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ ደነገጠ፣ ከዚያ አንዲት ሴትዮ ሳቀች፣ ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እኔ እንደሚመስለኝ ወንጀላችን ድምፁ አልነበረም፤ ሳቁ ነው። ትልቁ ሰው ወገባቸውን አሟቸው ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ተወሰዱ ተባለ።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። የአባቶች ሥርዓት ነው፦ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል አገሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥና ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ የሰማ ይናገራል፤ ያላየ ያልሰማ ይምላል። የወረዳው ሰውዬ ይህን ነገር ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ዘመናዊው ምርመራ አልፈጥን ብሎት ይሆናል፣ ሾላው ሥር ሁላችንንም ሰበሰበን። የኔታን አስቀድሞ ጠየቀ።

«የኔታ፣ የፍንዳታውን ድምፅ ሰምተዋል?»

«አላየሁም፣ አልሰማሁም» አሉ የኔታ፣ መስቀላቸውን ይዘው።

«እንዴ! ወረታ ድረስ ነው የተሰማው!»

«እንግዲያ ወረታ ያሉት ይማሉ እንጅ፣ የኔ ልጅ።»

ከዚያ አንድ በአንድ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» «አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ጆሮውን በእጁ ሸፍኖ ጭቃ ላይ የተኛ ሰው ሁሉ አልሰማም። የወረዳው ሰውዬ ተናዶ «ታዲያ ምን ሰምታችኋል?» ሲል፣ አገሩ ለካ ብዙ ሰምቷል። የማን ዶሮ የት እንደገባች፣ ድንበር ማን እንደገፋ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ማዳበሪያ ወዴት እንደሄደ፣ ሁሉም ወጣ። ሊቀመንበሩ «ከርዕሱ አንውጣ» እያለ ይለምናል። ላሞቹ ያልታለቡ ጡታቸው ሞልቶ ከየደጁ ይጮኻሉ፤ ሰውዬው ግን አልለቅም አለ።

እኔ ልናገር ነበር። ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነገር ነው፤ ሞተር ነው ብዬ ሁሉንም አሰናብቼ ይታይሽ ላሟን እንድታልብ ፈልጌ ነበር። ልነሳ ስል አያ ቢምረው ተነሱ። ላብ አጥምቋቸው ነበር።

«ሞተሩ የኔ ነው» አሉ። «ያበላሸው ግን እንየው ነው።»

ውሸት የለበትም። ቃል በቃል እውነት ነው። ዛሬም ድረስ ምን ብዬ እንደምቀየማቸው አላውቅም።

ወረታ ፖሊስ ጣቢያ ኢንስፔክተሩ ወንበር ሰጠኝ። መጀመሪያ ያለኝን ነገር አልረሳውም፦ «እንየው፣ በየቦታው ቦምብ እያፈነዱ ሰው የሚጨርሱ አሉ። እኔ ድው ሲል ሰምቼ ሞተር ይሆናል ብዬ ብተኛ፣ ነገ ገበያ መሀል ቢፈነዳ፣ ያንተን እናት ምን ብዬ አያታለሁ?» እውነቱን ነው። እኔ ራሴ በሱ ቦታ ብሆን እሮጥ ነበር። ድምፁን መፍራታቸው አይደለም ያንገበገበኝ። ሞተሩን ካዩት በኋላም መፍራታቸው ነው።

አዩት እኮ! ጣቢያው ግቢ ውስጥ አምጥተው አስነሳ አሉኝ። አስነሳሁት። ያ ከንቱ ሞተር እንደ ድመት አንኮራፋ፤ አንዲት ድው የለችም። ባለሙያ ተብሎ የመጣው ሰው ሰዓቱን ያያል።

«የታለ ድምፁ?»

«ይመጣል ጌታዬ። ሲፈልግ ነው።»

«ሞተር ሲፈልግ ነው የሚጮኸው?»

«ካበላሹት በኋላ አይታዘዝም።»

ባለሙያው «ሞተሩ ደህና ነው፤ ስለዚህ ፍንዳታው ሌላ ነው» ብሎ ቃሉን ሰጥቶ፣ ቦርሳውን ይዞ ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ፣ ድው! ባለሙያው መሬት፣ ዘበኛው መሬት፣ ኢንስፔክተሩ ከጠረጴዛ ሥር። እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። «ይኸው!» አልኩ በደስታ። ከመሬት ቀና ያለ አንድም ሰው አልሳቀም። መዝገቡ ላይ የገባው «ተጠርጣሪው ፍንዳታውን አስቀድሞ የሚያውቅ በመሆኑ ሳይደነግጥ ቆሞ ታይቷል» የሚል ነው።

ኢንስፔክተሩ ብቻችንን ስንሆን አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ከላይ ተጽፎ የመጣ ነው። እኔ እንየው በፀረ ሰላም ኃይሎች ተልኬ የልማት በዓሉን ለማወክ ያደረግሁት ነው ይላል፤ የላኪው ስም ክፍት ነው።

«ማነው የላከኝ?»

«አንተው ምረጥ» አለ ወደ መስኮቱ እያየ። «ከፈረምክ ይቅርታ ይደረግልሃል ነው የሚሉት። ካልፈረምክ ጉዳዩ በአዋጁ ይሄዳል። በአዋጁ ከሄደ ዋስ የለም።»

«ወፍ ነው የላከኝ። እሱን ይጻፉልኝ።»

«ወፍ ለመዝገብ አይሆንም፣ እንየው።»

አልፈረምኩም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ግን ቁሐር ሚካኤል ተወልጄ፣ ወረታ ነግጄ፣ ስሜ እንየው ሞተር ነው። ከፈረምኩ ነገ የኔን ሞተር ቤቱ ያስገባ ገበሬ ሁሉ የአሸባሪ ደንበኛ ነው። ይታይሽም የአሸባሪ ሚስት ናት። ለጊዜው «ሂድ፣ ስንፈልግህ ትመጣለህ» ብሎ ለቀቀኝ። የቀረውን ገበያው ላይ ነግሬያችኋለሁ።

መንገዱን አላስረዝምባችሁም፤ መተማን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአይሱዙ ወርጄ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ ደላላ። ደላላው ሲያየኝ «ፖለቲካ ነህ ወይስ ሥራ ፈላጊ?» አለኝ። «የሞተር ጉዳይ ነው» አልኩት። «ኮንትሮባንድ!» ብሎ በአክብሮት አየኝ። ድልድዩን ተሻግሬ ገላባት ስገባ አንድ የሱዳን ወታደር በሶዬን አሸተተና «ይኼ ምንድን ነው?» አለ። በውሃ በጥብጬ አቀመስኩት። ፊቱን አኮማትሮ አሳለፈኝ።

ካርቱም ሙቀት ናት። የፎገራ ፀሐይ ከላይ ይመታችኋል፣ ጥላ ሥር ስትገቡ ይተዋችኋል። የካርቱም ፀሐይ ቤት ድረስ ተከትሎ ገብቶ አብሯችሁ ይተኛል። ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ነፋስ ሲመጣ ቀኑ ቀይ ይሆንና በጥርሳችሁ አፈር ትቆረጥማላችሁ። ኪስራ የምትባል ስስ እንጀራ አለቻቸው፤ ዓይን የላትም፣ አፍ ውስጥ ሳትደርስ ታልቃለች። ፉሉ ግን ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ሰዉም ጥሩ ነው። የጠፋ ዕቃ ብትጠይቁ «ቡክራ» ይላሉ፣ ነገ ማለት ነው፤ ነገ ስትጠይቁ «ማሊሽ» ይላሉ፣ አይዞህ ማለት ነው። በቡክራና በማሊሽ መካከል ኑሮን ተለማመድነው።

ሥራ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ነጭ አባይ ዳር አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች አሉ፤ ሞተራቸው የኛው ዓይነት ነው። ወንዙ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ ካንዴላው አንድ። መጀመሪያ ቀን ባለ አትክልቱ «በደንብ ጠግነው» ሲለኝ ዕንባዬ መጣ። አበላሽልኝ የሚል ሰው ናፈቀኝ።

አከራዬ ሐጃ ዘይነብ ትባላለች። ትልቅ ሴት ናት፣ ድምጿ ከሷ ይበልጣል። አንድ ቀን በግቢው በር አንድ ራክሻ፣ ባጃጅ ማለት ነው፣ ሲያልፍ ማርሚታው ድው አለ። እኔ ፉሌን ትቼ አልጋ ሥር ነበርኩ። ሐጃ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«ያ እንየው፣ አንተ ሰው፣ ምን አጠፋህ?»

«ምንም ሐጃ።»

«ምንም ያላጠፋ ሰው አልጋ ሥር አይገባም።»

«እኔ አገር ምንም ያላጠፋ ነው የሚገባው።»

ሳቀችና «እኛም አገር እንደዚያው ነው፣ ጮክ ብለህ አትናገር እንጂ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪራይ ሲያልፍብኝ አትጮኽብኝም።

ወረቀት ሳይኖር መኖር ግን አይቻልም። ፖሊስ በየመንገዱ ያፍሳል። ስለዚህ የስደተኞች ቢሮ ሄድኩ። ጠያቂዋ ደግ ፊት ያላት ፈረንጅ ናት፤ አስተርጓሚው አስመራ የተወለደ ጨዋ ጎልማሳ።

«በምን ተከሰስክ?»

«በሽብር።»

ብዕሯን አነሳች። «ምን አደረግህ?»

«ወፍ ከለከልኩ።»

አስተርጓሚው አየኝ። «እንዳለ ልተርጉመው?» አለኝ በሹክሹክታ። «እንዳለ» አልኩት። ተረጎመው። ሴትዮዋ ብዕሯን መልሳ አስቀመጠች።

«መንግሥት ሰውን በወፍ ምክንያት አያሳድድም» አለች።

«እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።»

ወረታ ላይ፣ ለዚያ ሁሉ ድምፅ ወፍ ምክንያት አይሆንም አሉኝ። ካርቱም ላይ፣ ለዚህ ሁሉ መንገድ ወፍ ምክንያት አይሆንም አሉኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ የሚጠራው ንጋቱ ብቻ ነው።

ጓደኞቼ ወደ ጋሽ ፈለቀ ላኩኝ። ጋሽ ፈለቀ የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ለስደተኛ ኬዝ ይሠራል። ኬዝ ማለት ለቢሮ የሚነገር ታሪክ ነው፤ የራስህ ካላማረ እሱ ያሳምርልሃል። የኔን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ወፏን አውጣት። አንተ የድርጅት አባል ነበርክ፣ ጫካ ውስጥ የታጠቀ ክንፍ ትመራለህ።»

«የት ጫካ? ፎገራ እኮ ሜዳ ነው! ቁሐር ሚካኤል የቆመ ሰው ከወረታ ይታያል።»

«ደንገል አለ አላልክም? ደንገል ውስጥ ትሸፍታለህ።»

«ደንገል ውስጥ የሚሸፍተው አልቅት ነው፣ ጋሽ ፈለቀ።»

ግን አጠናሁት። ምን ላድርግ? በመንገድ ስትታፈስ፣ ድንበር ላይ ወስደው ሲያስረክቡህ የሚደርሰውን ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ቀጠሮ ደርሶ ሴትዮዋ ፊት ተቀመጥኩ። ብዕሯን አዘጋጀች። «ታዲያ የማን አባል ነበርክ? ማን ላከህ?»

ማን ላከህ። ኢንስፔክተሩ የገፋልኝ ወረቀት ላይ ክፍት የነበረው ቦታ ይኼ ነው። እዚያ አልፈርምም ብዬ፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጬ፣ እዚህ መጥቼ ልፈርመው ነው። ከፈረምኩ ደግሞ ወረታ ያለው መዝገብ እውነት ሊሆን ነው፤ አያ ቢምረው፣ የኔታ፣ ሞተር ያስበላሸ ሁሉ ከኔ ጋር ደንገል ውስጥ ሊገባ ነው። እኔም ወደ ቤቴ በስሜ አልመለስም። ያጠናሁትን ተውኩት።

«ወፍ ነው» አልኩ። «እውነት ነው የምልሽ፣ እመቤቴ፣ ወፍ ነው።»

አስተርጓሚው ዓይኑን ጨፈነ። ሴትዮዋ ወረቀቷን ሰብስባ «ጉዳይህ በመታየት ላይ ነው» አለች። አገር ቤትም ጉዳዬ በመታየት ላይ ነው። በሁለት አገር የምታይ ሰው ሆኛለሁ።

አሁን ስለ ስልኩ ልንገራችሁና ላብቃ። ይታይሽ ስልክ እንደሚጠለፍ አያ ቢምረው ነግረዋታል፤ እሳቸው ካልነገሯት ማን ይነግራታል? ስለዚህ በስልክ እኔ ሴት ነኝ። «እታለም፣ እንዴት ነሽ?» ትለኛለች፣ የባለቤቷን ስም ጠርታ አታውቅም። እኔም ድምፄን አቅጥኜ «ደህና ነኝ እታለም፣ ላሟ ወለደች?» እላለሁ። ግቢው ውስጥ ያሉት ሱዳኖች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። መጀመሪያ እኔም እስቅ ነበር። ሚስትህ ዘወትር እህቴ ስትልህ ግን የሆነ ጊዜ ላይ ሳቁ ይደርቃል።

ባለፈው ሳምንት ራሷ ደወለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ከሜዳው ነው የምትደውለው፤ ነፋሱ ይሰማኛል።

«እታለም፣ ጉድ ልንገርሽ! አያ ቢምረው ተሸለሙ!»

«በምን?»

«በሞተሩ! ፖሊስ መልሶላቸው ነበር። ትልቁ ሰውዬ ራሳቸው መጥተው፣ ዘንድሮ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ አንገታቸው ላይ ሜዳሊያ አጠለቁላቸው። የተሻሻለ የወፍ መከላከያ ነው ያሉት። ከየወረዳው እየመጡ ይጎበኙታል። አያ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ያበላሸልኝ ሰው አሁን የለም፤ እሱ ቢኖር አገሩን ሁሉ ያበላሽልን ነበር› አሉ። ሰው አጨበጨበ።»

«እና መዝገቡ? የዚያች… የጓደኛችን መዝገብ ተዘጋ?»

«አያ ጠይቀው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ሽልማቱ የግብርና ነው፣ መዝገቡ የጸጥታ ነው፣ አይገናኝም አሏቸው። እንዳለ ነው።»

ከዚያ ከሩቅ የሞተር መንተፋተፍ ሰማሁ። አወቅሁት። ስንት ሞተር ቢሰለፍ፣ እጄ የነካውን ሞተር እንደ ልጄ አውቀዋለሁ። ተንተፋተፈ፣ ተንተፋተፈና ድው! አለ። ወፉ ሲነሳ ያለው ድምፅ፣ ያ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስለው፣ በስልኩ ውስጥ ገብቶ ካርቱም ድረስ መጣ። ይታይሽ እየሳቀች ጮኸች፣ ሁሉንም ረስታ፣ እኔ ከወጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ጠራችው፦

«እንየው! ሰማኸው? የኔ ጌታ፣ ሰማኸው?»

መስመሩ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ምናልባት ምንም አይደለም። ምናልባት የስልኩ ካርድ ሊያልቅ ነው።

«አላየሁም» አልኩ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ «አልሰማሁም።»